ታች ሰፈር የወጣበት ቀን

በጎልባ ከተማ፣ በሁለት ሺህ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ሰው ጫማውን የሚያስረው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። መሬት የወደቀ ቁልፍ የሚነሳው ትንፋሽ ተይዞ ነው። ሕፃናት ዳዴ የሚሉት አልጋ ላይ ሲሆን አልጋው በብሎኬት እስከ ሰው ወገብ ድረስ ከፍ ብሏል። ዶሮዎች ጣሪያ ላይ ይኖራሉ። በየቤቱ ወለሉ ላይ ቀንም ሌሊትም አንድ ኩራዝ ይበራል። ንፋስ ሳይኖር ኩራዙ ከጠፋ፣ እሱ መጥቷል ማለት ነው።

የሰፈሩ ሰው «እሱ» ብቻ ነው የሚለው። የከተማው የአደጋ መከላከያ ቢሮ «የመሬት ትንፋሽ» ይለዋል። ሸለቆው ከተሰነጠቀ ወዲህ ከስንጥቁ አፍ ይወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፤ የቆመ ይተርፋል፣ የተኛና ያጎነበሰ አይተርፍም። አንዳንድ ቀን ግን ከጉልበት ያልፋል፣ ከወገብም ያልፋል። ያን ቀን መቆም አይበቃም። ደረጃውን ወጥቶ ላይ ሜዳ መድረስ ብቻ ነው።

ታች ሰፈር ያለው ከስንጥቁ አፍ አጠገብ ነው። ለምን እዚያ ይኖራሉ ብሎ የሚጠይቅ ከዋና ከተማ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ውሃው እዚያ ነው፣ ቤቱም እዚያ ነው፤ ሌላ መልስ የለም።

ኩራዙን ያስለመደው ቢሮው አልነበረም። እትዬ ጥሩአየር የምትባል ባልቴት አልጋዋ ሥር ታስራቸው የነበሩ ሁለት ግልገሎች አንድ ጠዋት ተዘርግተው አገኘቻቸው። ማታውን ኩራዝ አብርታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ጎረቤቷ በመስኮት አይታ፣ «ጥሩአየር ያበራችው ምን ብታይ ነው?» ብላ እሷም አበራች። ሳምንት ሳይሞላ ኩራዝ የሌለው ቤት ጠፋ። ቢሮው በሪፖርቱ ላይ የግንዛቤ ማስጨበጫው ውጤት ነው ብሎ አሰፈረው።

ደረጃውን ግን የሚወጣ ጠፋ። የቢሮው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ ከየመስኮቱ ጭንቅላት ብቅ ይላል። አንዱ ጭንቅላት ሌላውን ያያል።

«ትወጫለሽ እንዴ?»

«አንቺ ካልወጣሽ እኔ ምን አስሮጠኝ?»

«አይ፣ ወጥ ጥጄ ነው።»

ጭንቅላቶቹ ይመለሳሉ። ሳይረኑ ብዙ ጊዜ በከንቱ ስለጮኸ «ቀባጣሪዋ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ቢሮው የሚኒስትር ድምፅ ሞከረ፤ ሰዉ እንደ ዜና ሰምቶት ዝም አለ። ቅጣት ሞከረ፤ እንደ ቤት ኪራይ ይከፍሉት ጀመር። ለሚወጣ ሰው ዘይት ማደል ሲጀምር፣ በክራንች የሚሄዱት ሳይቀሩ ከሁሉ ቀድመው ተገኙ። ዘይቱ ሲያልቅ መውጣቱም አብሮ አለቀ።

ከዚያ ሩሐማ መጣች። ከዋናው ቢሮ የተላከች ወጣት ባለሙያ ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር ዓይኑን የምታይ። ሰው ለማያውቀው ድምፅ አይነሳም፣ ለሚወደው ድምፅ ግን ይነሳል የሚል ጥናት ይዛ ነበር። ለየቤቱ በጣም ይወደድ የነበረ የሞተ ሰው ድምፅ ከድሮ የስልክ ቅጂዎች ተሰርቶ ተዘጋጀ። በሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ እያንዳንዱ ቤት፣ በየቤቱ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ በራሱ ሙት ተጠራ።

ወይዘሮ ማንያህልሻልን የጠራቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ባላቸው ነበሩ። «ማኔ፣ ተነሽ። ቶሎ ነይ ወደ ላይ፣ እኔ ጋ ነይ።» ወይዘሮ ማንያህልሻል ተነሱና በሩን ቆለፉ። ወንበር ደግፈውበት፣ ለድምፅ ማጉያው እንዲህ ብለው መለሱ፦

«ሰውዬ፣ እኔ ገና ነኝ! ልጄን ሳላርስ የትም አልመጣም። ከፈለግህ ቆይ ጠብቀኝ፣ ካልፈለግህም ያው ነው።»

ያን ቀን ታች ሰፈር ሁሉ በሩን ቆለፈ። በማግስቱ ሩሐማ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዋን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች።

«እማማ፣ ለምን አልወጡም?»

«ሙት ሲጠራ ይኬዳል እንዴ ልጄ? እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«ድምፁ ግን እንዲተርፉ ነበር የጠራዎት።»

«እነሱማ ሁልጊዜ ነይ ነው የሚሉት።»

ሩሐማ ሰሌዳዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም።

የወይዘሮ ማንያህልሻል ልጅ ይበልጣል የባጃጅ ባትሪ ጠጋኝ ነው። በዚያ ዓመት ዕጣ ወጥቶበት የታች ሰፈር ተረኛ አስጠንቃቂ ሆኗል። ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ፊሽካና አንድ የጋዝ ጭንብል ተሰጥቶታል። ጭንብሉ ለሰፈሩ በሙሉ አንድ ነው። ሥራው ሳይረኑ ሲጮህ ሰማንያ ቤት አንኳኩቶ ሰዉን ማስወጣት ነበር። ሲያንኳኳ ሻይ ይጋብዙታል።

እህቱ ትርንጎ አራስ ነበረች። ባሏ የጨው መኪና ነጂ ስለሆነ በረሃ ነው፤ የሚያርሷት እናቷ ናቸው። ወንድ ልጅ ወልዳ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ የአራስ ቤት ደንብ በጎልባም እንደ ድሮው ነው። አራስ ከደጅ አትወጣም፤ ፀሐይም ነፋስም አያያትም። ይበልጣልን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነበር። ሌላው ሰው ቢያንስ ጨንቆት ሊሮጥ ይችላል። ትርንጎ ግን የምትኖረው ከስንጥቁ አፍ ሦስተኛው ቤት ውስጥ ነው፣ የምትወጣውም ለክርስትናው ነው።

«ወደ ላይ ሜዳ ላውጣችሁ፣ እድሩ ቤት ውስጥ እንኳ ተኝታችሁ ክርስትናው ይድረስ» ብሎ ለምኗት ነበር።

«አራስ እድር ቤት?» አለች ትርንጎ። «ከሬሳ ሳጥኑ ጎን አስተኛኛ! ደግሞ ብለህ ብለህ።»

እናቱም ሳቁ። እሱም ሳይወድ ሳቀ።

በግንቦት አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል ልጃቸውን ለእትዬ ጥሩአየር አደራ ብለው ደረጃውን ወጡ። ለክርስትናው የእድሩን ድስትና ድንኳን ማስያዝ ነበረባቸው። የእድሩ ቤት ላይ ሜዳ፣ ከደረጃው ራስ ላይ ነው ያለው። ጋሽ ቦጋለ እዚያ ነበሩ፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጥሩምባውን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ነፍተው የሟቹን ስም ይጠራሉ። ይበልጣልም ባትሪ ሊሞላ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

ሳይረኑ ጮኸ።

ይበልጣል ከደረጃው ራስ ወደ ታች አየ። ጠባቧ መንገድ ወለል ብላ ትታያለች። ጭንቅላቶች ከየመስኮቱ ወጡ፣ ተያዩ፣ ተመለሱ። እንደተለመደው ነበር። ከስንጥቁ አፍ አጠገብ የቆሙት ሦስት ውሾች ግን ተኙ። ቀጥሎ፣ ትንሽ ወደዚህ፣ አንድ ሌላ ውሻ ተኛ። ቀስ ብሎ፣ ደክሞት እንደተኛ ነው የተኛው።

ስልኩን አውጥቶ ትርንጎ ጋ ደወለ።

«ተነሺ! ልጁን አቅፈሽ ውጪ! እሱ ነው፣ የእውነት ነው!»

«ባለፈውም የእውነት ነው ብለህ ነበር።»

«ኩራዙን እዪው!»

«በርቷል እኮ። ...ትንሽ ይጨሳል።»

«ትርንጎ፣ በሞትኩት! ውጪ!»

«በዚህ በቀትር? ምች ሊመታኝ? ልጁንስ ምን ላርገው? እማዬ ስትመጣ ትየው፣ እሷ ካለችኝ እወጣለሁ።»

እናቱ ስልኩን ነጠቁት። «ትርንጎ! ውጪ ብዬሻለሁ!»

እሷ ሳትሰማ መስመሩ ሞልቶ ተቋረጠ። ሰማንያ ቤት በአንድ ጊዜ እየተደዋወለ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ትወጣለህ ወይ እያለ።

አምስተኛው ውሻ ተኛ።

ይበልጣል ጭንብሉን አንስቶ ሊሮጥ ሲል ቆመ። ወርዶ አንዷን ያወጣል። ሌላውስ? እትዬ ጥሩአየርስ? እናቱ ግን እሱን አልነበረም የሚያዩት። ጋሽ ቦጋለን ነበር።

«ቦጋለ፣ ጥሩምባውን አንሳ።»

«ማን ሞተ?»

«እኔ።»

ጋሽ ቦጋለ ሳቅ ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና ቀረ። «ምን ማለትሽ ነው ማንያህልሻል?»

«ለሳይረን አልወጡም። ለሚኒስትር አልወጡም። ለሙት አልወጡም። ለለቅሶ ቀርቶ የሚያውቅ የታች ሰፈር ሰው አለ? ማንያህልሻል ደረጃው ላይ ልቧ ቀጥ አለ በል፤ እድሩ ቤት ተዘርግታለች በል። ልጄ ለምንም አትወጣም፤ ለኔ ግን ትወጣለች።»

«በቁምሽ? ይሄማ ሟርት ነው! ሠላሳ ዓመት ስነፋ አንድ ቀን ውሸት አልጠራሁም። ጥሩምባው ይዋሽ? አላደርገውም።»

«የኔን አንድ ስም ካልጠራህ፣ ነገ የሰማንያ ቤት ስም ስትጠራ ትውላለህ። ያኔም ሰሚ ካገኘህ።»

ጋሽ ቦጋለ ወደ ይበልጣል ዞሩ። «አንተስ ልጄ? ዝም ትላለህ?»

ይበልጣል ወደ ታች፣ ወደተኙት ውሾች አየ። «ጥሯት» አለ።

ጥሩምባው ተነፋ።

በጎልባ ያንን ድምፅ የሚያስተካክል ድምፅ የለም። ሳይረኑ እየጮኸ ጥሩምባው ከሥሩ ገብቶ አለፈው። ጋሽ ቦጋለ እንባቸው በሁለት ጉንጫቸው እየወረደ፣ «የእድራችን እናት ወይዘሮ ማንያህልሻል አሁን ደረጃው ላይ ዐርፋለች! ሬሳዋ እድሩ ቤት ነው! የታች ሰፈር ሰው፣ ድረሱ!» ብለው ጮኹ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ስሙን ሲጠሩ እውነት የሆነ መሰላቸው።

በሮቹ ተከፈቱ።

አንድም መስኮት ወደ ሌላ መስኮት አላየም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ የጣዱትን ሳያወርዱ፣ በሩን ሳይዘጉ ወጡ። «ወይኔ ማንያህልሻል! ትናንት አብራን አልነበረች!» የሚል ጩኸት ሸለቆውን ሞላው። ሽማግሌ የሚደገፍ ተደገፈ፣ ሕፃን የሚታዘል ታዘለ። ሰማንያ ቤት ወደ ደረጃው ጎረፈ። ቢሮው በስምንት ዓመት ያላደረገውን ጥሩምባው በቅጽበት አደረገው።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ከእድሩ ቤት በር ጀርባ ተሸሽገው በበሩ ክፍተት ያያሉ። «መጡ!» ይላሉ። «ይበልጣል፣ እያቸው፣ መጡልኝ!»

ይበልጣል የሚያየው ከስንጥቁ አፍ ሦስተኛውን ቤት ነበር። በሩ ተከፈተ። ትርንጎ ወጣች። ልጁን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ፀጉሯ ተፈትቷል፣ ባዶ እግሯን ናት። እትዬ ጥሩአየር ከኋላዋ አለች። ትርንጎ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ወደ ላይ አየች። ጋሽ ቦጋለ የእናቷን ስም ደግመው ጠሩ።

እናቷ የሞተችባት ልጅ የምታደርገውን አደረገች። ጮኸችና ራሷን መሬት ላይ ጣለች።

ይበልጣል ጭንብሉን አንጠልጥሎ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሰማንያ ቤት ሙሉ ሰው እየወጣበት ነው። መጀመሪያ ያገኙት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደግፌ ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው አቀፉት።

«ልጄን! እግዜር ያጽናህ ልጄን!»

«ይልቀቁኝ! ትርንጎ ወድቃለች!»

«አይዞህ፣ አይዞህ። ደርሰናል።»

«እናቴ አልሞተችም! አልሞተችም እላችኋለሁ! ልቀቁኝ!»

«ወይ አንጀቴን! ሞቷን አላምን ብሎ ነው እኮ» አለች አንዲት ሴት፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች።

«ያዙት! ከደረጃው ራሱን ሊጥል ነው!» አለ ሌላው። «በደንብ ያዙት!»

ያዙት። በጎልባ ሐዘንተኛ አይለቀቅም፤ ራሱን እንዳይጎዳ ግራና ቀኝ ይያዛል። ሁለት ጎረምሶች ክንዶቹን ቆልፈው ያዙ። ነከሳቸው፤ አልተቆጡም። ረገጣቸው፤ ግንባሩን ሳሙት። እያለቀሱለት፣ እያባበሉት፣ ተሸክመው ወደ ላይ መለሱት። ጭንብሉ ከእጁ ወድቆ በደረጃው ላይ እየነጠረ ወረደ።

ሰዉ ላይ ሜዳ ሲደርስ የእድሩ ቤት በር ተከፈተና ወይዘሮ ማንያህልሻል በእግራቸው ቆመው ወጡ።

ለቅሶው ተቆረጠ። አንዲት ሴት ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። አቶ ደግፌ አማተቡ። አንድ ሰው ከኋላ፣ «ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለ። ዞር ብለው ወደ ታች ያዩት ሰዎች ግን የራሳቸውን ደጅ አይተው ነበር። ጣሪያ ላይ ያሉት ዶሮዎች ሳይቀሩ ተኝተዋል።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ከሰው ወደ ሰው እያዩ ዞሩ። «ትርንጎስ?» አሉ። «ከናንተ ጋር አልነበረችም?»

ከሁሉ በኋላ እትዬ ጥሩአየር ደረሰች። ደረጃውን የጨረሰችው በሁለት እጇና በጉልበቷ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልጁን በነጠላዋ አንገቷ ላይ አስራዋለች። ልጁ ያለቅሳል።

«ከእጇ አላቀቅሁት» አለች እያለከለከች። «እሷንም ልጎትታት ነበር። ጎንበስ አልኩ... ዓይኔ ጨለመብኝ። ተነሺ አልኳት እኮ ማንያህልሻል። ተነሺ፣ እዚህ አይለቀስም፣ ላይ ሄደን እናለቅሳለን አልኳት።»

ወይዘሮ ማንያህልሻል ልጁን ተቀበሉ። አልጮኹም። የቆሙበት ቦታ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ሰው ደገፋቸው።

ጋሽ ቦጋለ ጥሩምባውን አነሱ። ደንቡ ነው፤ ሰው ሲሞት ይነፋል። አፋቸው ድረስ አድርሰውት ቆዩና አወረዱት። ሊጠሩት የሚችሉት ሰው ሁሉ እዚያው ቆሟል።

ማታውን ነፋስ መጥቶ ሸለቆውን ጠረገው። ትርንጎ ተቀበረች፤ ሰዉም ወደየቤቱ ተመለሰ፣ ኩራዙንም አበራ።

በሰልስቱ ሩሐማ ለቅሶ ልትደርስ ታች ሰፈር መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከፍ ባለው አግዳሚ ላይ ከሐዘንተኛው ጋር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ዓይኗ የቀላው የእውነት ነበር። ሰዉ ሳሳ ሲል ወደ ይበልጣልና ወደ እናቱ ጠጋ አለች።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች። «ግን ሰማንያ ቤት በአንዴ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ከተማ አልታየም። ከእንግዲህ በሸለቆው ከተሞች ሁሉ ማስጠንቀቂያው እንዲህ እንዲሆን ተወስኗል።»

«እንዲህ ማለት?» አለ ይበልጣል።

«ለየቤቱ አንድ ስም ያስፈልጋል። ሲጠራ ሳይጠይቁ የሚያስነሳ። ሌሎቹ ቤቶች ነግረውኛል። እትዬ ጥሩአየር የልጅ ልጇን ብላለች። አቶ ደግፌ ባለቤታቸውን ብለዋል፣ ትንሽ አስበው።» ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «የእናንተ ቤት ብቻ ነው የቀረው። ማን ቢሞት ነው የምትወጡት?»

ይበልጣል እጅጌውን ወደ ታች ሳበ። ክንዱ ላይ የጎረምሶቹ ጣት ምልክት እስካሁን ሰማያዊ ነው።

«እኔን ጻፊ» አሉ ወይዘሮ ማንያህልሻል። «አለሁ አይደል።»

«እርስዎ አንዴ ተጠርተዋል እማማ። ሁለተኛ አያስነሳም።» ይህን ስትል ድምጿ በጣም ዝግ ያለ ነበር። «ይበልጣልም ተረኛ ስለሆነ አይጻፍም። የሚጠራው ሰው ቤት ውስጥ ያለና የሚወደድ መሆን አለበት።»

ሦስቱም ሳይፈልጉ ወደ አንድ ቦታ አዩ። ልጁ በአያቱ ጭን ላይ ተኝቷል።

«ስሙ ማን ነው?» አለች ሩሐማ።

ትርንጎ ስም መርጣለት ነበር። ለእናቷ በጆሯቸው ነግራቸዋለች፣ ክርስትናው እስኪደርስ ለማንም እንዳይናገሩ ብላ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ነጠላቸውን ስበው የልጁን ፊት ሸፈኑ።

«ስም የለውም።»

«ክርስትናው ሲደርስ ተመልሼ ልምጣ?»

«ያኔም አይኖረውም።»

ሩሐማ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ጠበቀች። ልትቸኩል አልፈለገችም። ከደጅ የእትዬ ጥሩአየር ድምፅ ተሰማ፤ እየመሸ ስለነበር የልጅ ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች።

«አንተ!» ትላለች። «አንተ ልጅ! ና፣ ግባ!»

መንገዱ ላይ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች ሁሉ ዞሩ።